መርጃን መሳዩ እንጉዳይና የስሙ ታሪክ

በመካከለኛውና በሰሜን አውሮፓ የመስከረምና የጥቅምት ዝናብ ሲጀምር፣ ስፕሩስና ፓይን በሚባሉት ባለ መርፌ ቅጠል ዛፎች ሥር የሚገኘው መሬት ይረሰርሳል። ለዓመታት እየረገፈ ከተነባበረው ቡናማ የቅጠል ምንጣፍም ከሌሎች እንጉዳዮች ጋር የማይመሳሰል አንድ ፍሬ ብቅ ይላል። ጅብ ጥላን ጅብ ጥላ ያሰኘው ክዳን የለውም። ቁመቱ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጣት አይበልጥም። ከአንድ አጭር ግንድ ተነሥተው ሁለት፣ እነዚያም እንደገና ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ላይ የሚያድጉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ብቻ ናቸው። ቀለሙ ወይራማ ቢጫ ነው፤ ሲቀጠፍ ወይም በጣት ሲታሽ ግን የተነካው ቦታ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ቅርጹ ከባሕር የሚወጣውን መርጃን ስለሚመስል በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም፣ በዴንማርክኛም የመርጃን እንጉዳይ ተብሎ ይጠራል።

ይህን ፍሬ በእጁ የያዘ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱን ለማግኘት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወስዷል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የእንጉዳይን ስም የሚያወጣው ግን ሰው ነው፤ ሰውም በያዘው መሣሪያና በደረሰበት ዕውቀት ልክ ያወጣዋል። የዚህ ትንሽ ፍሬ ስም ደጋግሞ የተለወጠው ፍሬው ስለተለወጠ አይደለም፤ የሚመረምረው ዓይን ስለተለወጠ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከባሕር የመጣ ስም

የታሪኩ መነሻ ከደን ሳይሆን ከባሕር ነው። በአሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት መርጃን ከባሕር ወለል የሚበቅል እፅ እንደሆነ የሚያምኑ ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። በ1706 ኢጣሊያዊው ማርሲሊ ሕያው መርጃንን በውኃ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ ስምንት ስምንት ቅጠል ያላቸው የሚመስሉ ነጫጭ ነገሮች ሲፈኩ ባየ ጊዜ፣ የእፁን አበባ ያገኘ መሰለው። ከዚያ በኋላ ዣን አንድሬ ፔይሶኔል የተባለ የማርሴይ ሐኪም በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ መርጃንን መርምሮ፣ እነዚያ «አበቦች» በእውነቱ ጥቃቅን እንስሳት መሆናቸውን ገለጠ። የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ በመጀመሪያ ሐሳቡን አልተቀበለውም፤ ትክክል መሆኑ የታመነለት ብዙ ቆይቶ ነው።

በደን የሚበቅለው የመርጃን አምሳያም ያው ዕጣ ደረሰው። እርሱም ለረጅም ዘመን ከእፅዋት ተቆጥሮ ኖሮ፣ በመጨረሻ እፅ አለመሆኑ ታወቀ። በ1969 አሜሪካዊው ሮበርት ዊታከር ሕያዋን ፍጥረታትን በአምስት ታላላቅ ክፍሎች መድቦ ባቀረበው ጽሑፍ ፈንገሶች ከእፅዋትም ከእንስሳትም የተለየ የራሳቸው ዓለም ተሰጣቸው። አንዱ በሌላው ስም የተሰየሙት ሁለቱ ነገሮች በየተራቸው ከተመደቡበት የእፅዋት ማኅበር ወጡ ማለት ነው። የሚያመሳስላቸው የውጭ ቅርጽ ብቻ ነበር፤ ቅርጽ ደግሞ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ቀሪው ታሪክ ያስረዳል።

ከሊኔየስ እስከ ፔርሶን

በ1729 የፍሎረንሱ ፒየር አንቶኒዮ ሚኬሊ እንጉዳዮች ከብስባሽ ብቻ ያለ ዘር የሚፈጠሩ አለመሆናቸውን የሚያመለክት ታላቅ ሥራ አሳተመ። ከእንጉዳይ የሚረግፈውን ብናኝ በአጉሊ መነጽር ተመለከተ፤ ብናኙንም በተቆረጠ ፍራፍሬ ላይ ዘርቶ ያው ሻጋታ ሲበቅል አየ። ዛሬ ስፖር የሚባለው የመራቢያ ብናኝ ለሳይንስ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ይሁንና ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ፍጥረትን ሁሉ በሥርዓት ለመደርደር በተነሣ ጊዜ፣ የፈንገሶች ነገር እንዳስቸገረው አልሸሸገም። በ1751 ባሳተመው መጽሐፍ የፈንገሶች ሥርዓት ገና ድብልቅልቅ ያለ መሆኑን ለሙያው እንደ ነቀፋ አድርጎ ጽፎታል። በ1753 በታተመው የእፅዋት ዝርያዎች መጽሐፉም ፈንገሶችን በሃያ አራተኛውና በመጨረሻው ክፍል፣ «ሥውር ጋብቻ» ባለው መደብ ውስጥ አስቀመጣቸው። ቆመጥ የሚመስሉትንና የሚቀረነፍፉትን እንጉዳዮች በአንድነት ክላቫሪያ አላቸው፤ ቃሉ ቆመጥ ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የወጣ ነው። ቅርንጫፋሙን ደግሞ ክላቫሪያ ኮራሎይደስ፣ ማለትም መርጃን መሳይ ክላቫሪያ ብሎ ሰየመው። ይህ አንድ ስም ዛሬ በብዙ ወገኖች የተከፋፈሉ ዝርያዎችን በጅምላ የሚሸፍን ነበር።

ጅምላውን መበተን የጀመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ዴንማርካዊው ቴዎዶር ሆልምስክዮልድ ነው። የንጉሡን የሸክላ ፋብሪካ ይመራ የነበረው ይህ ሰው፣ በ1790 የመጀመሪያውን፣ ከሞተም በኋላ በ1799 ሁለተኛውን ክፍል በታተመለት በሥዕል ባጌጠ መጽሐፍ የአገሩን እንጉዳዮች ገለጠ። ቅርንጫፍ ለሚያወጡት ራማሪያ የሚለውን ስም የተጠቀመ እርሱ ነው፤ ራሙስ በላቲን ቅርንጫፍ ማለት ነውና።

ሁለተኛው ክርስቲያን ሄንድሪክ ፔርሶን ነው። ፔርሶን የአፍሪካ ተወላጅ ነው ለማለት ይቻላል። በ1761 በደቡብ አፍሪካ በመልካም ተስፋ ርእሰ ምድር ተወልዶ በልጅነቱ ለትምህርት ወደ አውሮፓ ተላከ፤ ከዚያም ወደ ትውልድ ስፍራው አልተመለሰም። በ1794 በመርፌ ቅጠል ደን ወለል የሚበቅለውን አንዱን መርጃን መሳይ እንጉዳይ ክላቫሪያ አቢየቲና ሲል ሰየመው፤ አቢየስ የዛፉ የላቲን ስም ስለሆነ «የመርፌ ቅጠል ዛፍ ክላቫሪያ» እንደማለት ነው። በ1797 ስለ ቆመጥ መሰል ፈንገሶች ብቻ የሚናገር ሥራ፣ በ1801 ደግሞ የፈንገሶችን ሁሉ ሥርዓት የያዘውን ታላቅ መጽሐፉን አወጣ። ዘመኑን በፓሪስ በድህነት ፈጽሞ በ1836 ሞተ። በስተርጅናው ግን ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የደረቁ ናሙናዎች ስብስብ ለኔዘርላንድስ መንግሥት አስረክቦ በምትኩ ጡረታ ተቆረጠለት። ስብስቡ ላይደን ከተማ ገባ። ሰውየው ለዕለት ጉርሱ ሲል ያደረገው ውል ከእርሱ በኋላ ለመጡት ተመራማሪዎች ሁሉ ባለውለታ አደረገው፤ «ፔርሶን ይህን ስም ሲሰጥ የትኛውን እንጉዳይ ይዞ ነበር?» ለሚለው ጥያቄ ምስክር የሚሆኑት እነዚያ ናሙናዎች ናቸውና።

የፍሪስ እንጆሪ ለቀማ

ኤሊያስ ፍሪስ በ1794፣ ፔርሶን ክላቫሪያ አቢየቲናን በሰየመበት ዓመት፣ በስዊድን ፌምሾ በተባለ ደብር ከቄስ ቤተሰብ ተወለደ። በ1806 ከእናቱ ጋር የዱር እንጆሪ ሊለቅም ደን በገባ ጊዜ፣ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ግዙፍ፣ ነጭና ቅርንጫፋም እንጉዳይ አገኘ። የዚያን ቀን መደነቁ ወደ ፈንገስ ጥናት እንደ መራው በኋላ ራሱ ጽፏል። ያ እንጉዳይ ዛሬ ሄሪሲየም የሚባለው ነው። እርሱም መርጃን ይመስላል፤ ሆኖም ከቅርንጫፎቹ ጥቃቅን እሾህ መሳይ ነገሮች ቁልቁል የሚንጠለጠሉበት፣ በዘሩ ከእውነተኞቹ መርጃን መሳዮች እጅግ የራቀ ፍጥረት ነው። የፈንገስ ሳይንስ አባት ከሚባሉት አንዱ የሆነው ሰው ሥራውን የጀመረው ቅርጽ በሚያታልልበት ነገር ነበር ማለት ነው።

ፍሪስ ከ1821 እስከ 1832 ባሳተመው ሥራው ፈንገሶችን በመላ ደለደለ። በእጅ መነጽርና በዓይን ከሚታየው ቅርጽ በላይ የስፖርን ቀለም እንደ ዋና መለያ አድርጎ መጠቀሙ ትልቅ እርምጃ ነበር። መርጃን መሳይ እንጉዳይን በነጭ ወይም በጥቁር ወረቀት ላይ አሳድሮ የረገፈውን ብናኝ ማየት የሚችል ሰው ሁሉ፣ ነጭ ስፖር ያለውን ከቢጫማ ስፖር ካለው መለየት ይችላል። ይህ ዘዴ እስከ ዛሬ ድረስ አላረጀም። በ1851 ጀርመናዊው ቦኖርደን ራማሪያን ራሱን የቻለ ወገን አደረገው፤ በኋላ ደግሞ የአገሩን እንጉዳዮች በማጥናት የታወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ሉሲየን ኬሌ የፔርሶንን ዝርያ ወደዚሁ ወገን አዛውሮ ራማሪያ አቢየቲና አለው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነገር ግን ፍራንዝ ዩንግሁን የተባለ፣ በኋላ በጃቫ ደሴት ምርምሩ ስመ ጥር የሆነ ጀርመናዊ፣ በ1830 አረንጓዴ የሚሆነውን መርጃን መሳይ እንጉዳይ ክላቫሪያ ኦክራሴኦቪሬንስ ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1933 ሆላንዳዊው ዶንክ ይህንንም ስም ወደ ራማሪያ አዛወረው። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ደራሲ ሲታሽ የሚያረነጉዘውን ፍሬ በፔርሶን ስም፣ ሌላው በዩንግሁን ስም ሲጠራው ኖሯል። የፔርሶንን ስም አረንጓዴ ለማይሆን ሌላ ዝርያ የሰጡም ነበሩ። በዚህም ምክንያት ሁለት ሰዎች «ራማሪያ አቢየቲና አገኘሁ» ብለው ቢጽፉ፣ ያገኙት አንድ ነገር ይሁን ሁለት ከስሙ ብቻ ለማወቅ አይቻልም ነበር። የስም ክርክር የሊቃውንት ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይህን ልብ ሊለው ይገባል። ስሙ ካልጠራ መረጃው ሁሉ ይደፈርሳል።

ወደ ውስጥ መመልከት

የውጭ ቅርጽ ብቻውን አለመበቃቱን አስረግጦ ያስተማረው ፈረንሳዊው ናርሲስ ፓቱያር ነው። መድኃኒት ቀማሚ የነበረው ይህ ሰው በ1900 ባወጣው ሥራ የእንጉዳዮች ዝምድና መታየት ያለበት በአጉሊ መነጽር ከሚገኘው ውስጣዊ አሠራራቸው መሆኑን አሳየ። በ1919 እንግሊዛውያኑ ኮተንና ኤልሲ ዌክፊልድ የብሪታንያን፣ በ1923 አሜሪካዊው ኮከር የአሜሪካንና የካናዳን ክላቫሪያዎች በዚህ መንገድ አጠኑ።

ከሁሉ የላቀው ግን የኤድሬድ ጆን ሄንሪ ኮርነር ሥራ ነው። በ1906 የተወለደው ይህ እንግሊዛዊ ከ1929 ጀምሮ በሲንጋፖር የእፅዋት አትክልት ስፍራ ረዳት ኃላፊ ነበር። በ1932 ባሳተመው ጥናት የእንጉዳይ አካል የተሠራባቸው ክሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን ገለጠ። ሕይወት ያላቸውና የሚባዙ አመንጪ ክሮች አሉ፤ አካሉን እንደ አጥንት የሚያቆሙ ወፍራም ክሮች አሉ፤ ሌሎቹን እየጠመጠሙ የሚያስሩም አሉ። አንድ እንጉዳይ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ወይም ሁለቱን ወይም ሦስቱን ሊይዝ ይችላል። ሁለት መርጃን መሳዮች በመልክ መንትያ ቢሆኑ እንኳ፣ አንዱ በአንድ ዓይነት ክር፣ ሌላው በሁለት ዓይነት የተሠራ ከሆነ አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

በየካቲት 1942 የጃፓን ሠራዊት ሲንጋፖርን ያዘ። የአገሩ ሰዎች ወደ እስር ሰፈር ሲጋዙ ኮርነር ከጃፓን ሳይንቲስቶች ጋር ሆኖ የአትክልት ስፍራውን የደረቁ ናሙናዎች፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ከዘረፋና ከጥፋት በመጠበቅ እስከ 1945 ቆየ። በዚህ ሥራው ከጠላት ጋር ተባበረ ብለው ያወገዙት ወገኖቹ ነበሩ፤ እርሱም ያን ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ በ1981 አሳትሟል። ፍርዱ እንዲህም ሆነ እንዲያ፣ ናሙናዎቹ ተርፈዋል። ትርጉሙ ምን እንደሆነ ለማወቅ የበርሊንን ማስታወስ ይበቃል። በመጋቢት 1943 በአየር ድብደባ የበርሊን ዳህለም የእፅዋት ሙዚየም በተቃጠለ ጊዜ፣ በርካታ ስሞች መጀመሪያ የተሰጡባቸው ናሙናዎች ዐመድ ሆነዋል። ናሙናው የጠፋበት ስም ምስክር እንደሞተበት ውል ነው።

ኮርነር ከወጣትነቱ ጀምሮ የደከመበትን ስለ ክላቫሪያና ስለ ዘመዶቹ የሚናገር ግዙፍ መጽሐፍ በ1950 አሳተመ። አሮጌው የክላቫሪያ ጅምላ በዚያ መጽሐፍ በየወገኑ ተለይቶ ቀረበ። መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ለተደረገው ጥናት ሁሉ መነሻ ሆነ።

በ1973 ማርና ስተንዝ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ምዕራባዊ ክፍል በሚገኙት ታላላቅ የመርፌ ቅጠል ደኖች ያሉትን ራማሪያዎች አጥንተው አሳተሙ። ከስፖሩና ከክሩ ሌላ የኬሚካል ፈተናን ተጠቀሙ፤ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ በግንዱ ሥጋ ላይ ሲንጠባጠብ አንዳንዱ ዝርያ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ሌላው ግን አይለወጥም። የቴኔሲው ሮናልድ ፒተርሰን ደግሞ በ1981 እሾሃም ስፖር ያላቸውን ራማሪያዎች ለብቻቸው መርምሮ አወጣ፤ አረንጓዴ የሚሆነው እንጉዳይ ከእነዚህ ወገን ነው። በዚያው ዓመት በሲድኒ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእፅዋት ሳይንስ ጉባኤ የፈንገስ ስሞች መነሻ ዓመት ወደ 1753 እንዲመለስ፣ በፔርሶን የ1801 መጽሐፍና በፍሪስ ሥራ የተቀበሉ ስሞችም ልዩ ጥበቃ እንዲያገኙ ወሰነ። በፓሪስ ተረስቶ የሞተው ሰው ሥራ በሕግ ተከበረ።

የዘር ምስክርነት

ከ1990ዎቹ ወዲህ ተመራማሪዎች የእንጉዳዮችን የዘር መልእክት ራሱን ማንበብ ቻሉ። በ1999 ፓይን፣ ሂቤትና ዶኖሁ ያሳተሙት ጥናት የመርጃን ቅርጽ ከአንድ አባት የተወረሰ ሳይሆን፣ በተለያዩ የፈንገስ ነገዶች ውስጥ በየበኩሉ ደጋግሞ የተፈጠረ መሆኑን አረጋገጠ። ክላቩሊና የሚባሉት ነጫጭ መርጃን መሳዮች የሻንተሬል እንጉዳይ ዘመዶች ሆነው ተገኙ። ስሙን የወረሰው ክላቫሪያ ከባለ ክዳኖቹ እንጉዳዮች ነገድ ገባ። ራማሪያ ደግሞ ጥንብ የሚሸት ጭንቅላት ካላቸውና ዝንብ ከሚስቡት እንጉዳዮች ጋር የሩቅ ዝምድና ያለው ሆነ። ሰው በዓይኑ አይቶ ይህን ዝምድና ሊገምት ባልቻለ ነበር።

ቅርጹ እንዲህ የተደጋገመበትን ምክንያት መረዳት አያዳግትም። ስፖር የሚመረተው በእንጉዳዩ ገጽ ላይ ነው። ትንሽ አካል ቅርንጫፍ ባበዛ ቁጥር ገጹ ይሰፋል፤ ገጹ በሰፋ ቁጥርም በነፋስ የሚበተነው ስፖር ይበዛል። አንድ ችግር ለተለያዩ ነገዶች አንድ ዓይነት መፍትሔ አስገኘ ማለት ነው።

በ2011 ጃኪኒና ካስቴላኖ እሾሃም ስፖር ያላቸውን ዝርያዎች ከራማሪያ ለይተው ፌዮክላቩሊና ወደሚባለው ወገን አዛወሩ። የፔርሶን እንጉዳይም ፌዮክላቩሊና አቢየቲና ተባለ። የወገኑ ስም ከአንድ ጊዜ በላይ ሲለወጥ፣ በ1794 የተሰጠው «አቢየቲና» የሚለው የዝርያ ስም ግን ጸንቶ ቆየ።

በእጅ የያዙትን ማወቅ

ይህ ሁሉ ታሪክ ደን ገብቶ ፍሬውን ላገኘ ባለሙያ የሥራ ቅደም ተከተል ሆኖለታል። በመጀመሪያ የሚታየው የበቀለበት ነገር ነው። ከግንድ ወይም ከተቀበረ እንጨት ላይ የበቀለ፣ ቅርንጫፎቹ ቀጥ ብለው የቆሙና ሲታሽ ወይን ጠጅማ ቡናማ የሚሆን ከሆነ፣ ራማሪያ ስትሪክታ ሊሆን ይችላል። ከመርፌ ቅጠል ዛፍ ጉቶ ላይ የወጣ፣ ወርቃማ ብርቱካን ቀለም ያለው፣ የሚያሟልጭና እንደ ጅማት ተጎትቶ የማይበጠስ ከሆነ፣ እርሱ ካሎሴራ ቪስኮሳ ነው፤ ከራማሪያ ጋር በዘር አይገናኝም። ጫፎቹ ጠፍጣፋ ሆነው ክፉ ሽታ ያለው ከሆነ ቴሌፎራ ፓልማታ ሊሆን ይችላል። ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ ነጭ ስፖር የሚያረግፍ ከሆነ ክላቩሊናን መጠርጠር ይገባል።

ፍሬው ከቅጠል ምንጣፍ በቅሎ፣ ከሥሩ ነጫጭ ክሮች ቅጠሉን አያይዘው ሲነሡ፣ ቀለሙ ወይራማ፣ ጣዕሙ መራራ፣ ቁስሉም አረንጓዴ ሲሆን፣ ፌዮክላቩሊና አቢየቲና መሆኑ በእጅጉ ይገመታል። ግምቱን የሚያጸናው ግን አጉሊ መነጽር ነው። ስፖሩ ቢጫማ፣ ጥቃቅን እሾሆች የበቀሉበትና እሾሆቹም ኮተን ብሉ በሚባለው ቀለም ሰማያዊ ሆነው የሚታዩ መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ናሙናው ሲደርቅ ቀለሙ፣ ሽታውና ጣዕሙ ይጠፋሉ። ስፖርና የዘር መልእክት ከደረቀ ናሙና ከዓመታት በኋላም ሊገኙ ይችላሉ፤ በዚያ ሰዓት በደን ውስጥ በማስታወሻ ያልተመዘገበ ነገር ግን ለዘለዓለም አይገኝም። እጅግ ረቂቁ ላቦራቶሪ እንኳ እርሳስና ደብተር ያልያዘውን ሰብሳቢ ስሕተት ሊያርም አይችልም።

የስሙ ዋጋ

የአንድ እንጉዳይ ስም ምን ይጠቅማል የሚል ካለ፣ መልሱ በሦስት ምሳሌዎች ይገኛል። የመጀመሪያው ከማዕድ ነው። ወፍራም ግንድና ቀያይ ጫፎች ያሉት ራማሪያ ቦትሪቲስ በአውሮፓ የሚበላ ነው፤ ሮዝማ ቀለምና ቢጫ ጫፎች ያሉት ራማሪያ ፎርሞሳ ግን ተቅማጥና ትውከት ያስከትላል። ሁለቱ ገና ትኩስ ሳሉ ይለያሉ፤ ሲያረጁና ዝናብ ሲመታቸው ግን ቀለማቸው ደብዝዞ ይመሳሰላሉ።

ሁለተኛው ከከብት በረት ነው። በደቡብ ብራዚልና በኡራጓይ በባሕር ዛፍ ተከላዎች ሥር የሚበቅለውን ራማሪያ ፍላቮ ብሩኔሰንስ የሚግጡ ከብቶች የጅራታቸው ፀጉር ይረግፋል፤ ቀንዳቸውና ሰኮናቸው ይላቀቃል፤ የምላሳቸው ገጽ ይላጣል፤ ብዙዎቹም ይሞታሉ። የበሽታው መንሥኤ እስኪታወቅ ድረስ ዛፉ ራሱ ተከሷል፤ በሽታው በአካባቢው የባሕር ዛፍ በሽታ ይባል ነበርና። በዳዩ በስሙ እስኪታወቅ ድረስ ሌላው በስሙ ተወቀሰ።

ሦስተኛው ከደን ጥበቃ ነው። በ1994 የአሜሪካ መንግሥት ለሰሜን ምዕራብ ደኖቹ ባወጣው ዕቅድ፣ ዛፍ ከመቆረጡ በፊት መፈለግና መጠበቅ ካለባቸው ፍጥረታት መካከል በርካታ የራማሪያ ዝርያዎች ተቆጠሩ። እነዚህን ዝርያዎች መለየት የሚያስችል መምሪያ መጽሐፍም በ2006 ወጣ። በ1973 የታተመው ጥናት የጥቂት ሊቃውንት ጉዳይ መስሎ ሳለ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የደን ሠራተኛ መጥረቢያውን ከማንሣቱ በፊት የሚጠይቀው ጉዳይ ሆነ።

ለኢትዮጵያ ባለሙያም ከዚህ ታሪክ የሚወሰድ አንድ ትምህርት አለ። የአውሮፓ መጽሐፍ «በመርፌ ቅጠል ደን ይገኛል» ሲል ቃሉን «በጥድ ደን» ብሎ መተርጎም ይቀናል። ነገር ግን የፓይንና የስፕሩስ ሥሮች ከብዙ ራማሪያዎች ጋር የሚረዳዱ ሲሆኑ፣ የሐበሻ ጥድና ዝግባ የሚተባበሩት ከሥር ሕዋሶች ውስጥ ተሰውረው ከሚኖሩና በላይ ምንም እንጉዳይ ከማያወጡ ፈንገሶች ጋር ነው። የፈረንጅ ጥድ የሚባለውም በዚህ ረገድ የሐበሻውን ጥድ እንጂ ፓይንን አይመስልም። ስለዚህ በጥድ ሥር የተገኘን መርጃን መሳይ በአውሮፓ ሥዕል አስተያይቶ ስም መስጠት፣ የእንጉዳዩን ብቻ ሳይሆን የዛፉንም ማንነት መሳት ይሆናል። እንዲህ ያለው ፍሬ ሲገኝ መደረግ ያለበት ከሥሩ ነቅሎ ማንሣት፣ የበቀለበትን መመዝገብ፣ ስፖሩን በወረቀት ማሳደር፣ አድርቆ በናሙና ቤት ማኖርና ስሙን ለማውጣት አለመቸኮል ነው።

ፔርሶን ለፍሬው ስም ሲሰጥ የእሾሃሙን ስፖር ምንነትም ሆነ የዘር መልእክትን አያውቅም ነበር። ያወቀውን ያህል በጥንቃቄ ጻፈ፤ ያልደረሰበትን ለሌላው እንዲመረምር ናሙናውን አስቀመጠ። ስሙ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሊቆይ የቻለው ሁሉን ስላወቀ ሳይሆን፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ሊያርመው የሚችልበትን ማስረጃ ትቶ ስለሄደ ነው።